የሃያ አምስት ዓመት ወረቀት

ጭልጋ በኩል ጠቁሯል። ዝናቡ ሳይቀድመኝ፣ በጊዜ ተነሥቼ፣
ከሸክላ ሠሪዋ ከእንጉዳይ መሰላል ተውሼ አምጥቼ፣
በወለቃ ጤና ኬላ ቆርቆሮ ላይ፣ ምስማር ምስማሩን እየረገጥሁ፣
ሃያ አምስት ዓመት የኖረውን ጥቁር መስታወት ልጠይቅ ወጣሁ።
በትከሻዬ እርጥብ ጨርቅ፣ መለኪያው በደረት ኪሴ፤
ሐኪም አልመስልም፤ በሽተኛ ጠያቂ መሰልሁ ለራሴ።

ሲሰቀል ልጅ ነበርሁ። ጋሽ አታላይ ብሎን አጥባቂ፣ እኔ ቁልፍ አቀባይ፤
«ስንት ዓመት ይሠራል?» አልሁት። ቀና አለ ወደ ሰማይ፤
«ወረቀቱ ሃያ አምስት ይላል፤ እሱ ይዋሽ፣ እኔ አልዋሽህ» አለ።
ስሙ አታላይ ነው፤ በሠራንበት ዘመን ግን አንዴ አላታለለ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ማለት፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣
ከደንቢያ ሜዳ ማዶ ያለ ሐይቅ ነው፤ ሲወራ ይሰማል እንጂ
አይታይም።

ባትሪው አምስት ጊዜ ሞተ፤ አምስቱንም በጋሪ አራዳ ሸኘሁ፤
አንዱ በውኃ ጥም ነው የሄደ፤ ዘበኛውን እስከ ዛሬ እወቅሳለሁ።
መቆጣጠሪያውን መብረቅ መታው፣ ኢንቨርተሩ አይጥ ገባበት፣
ሽቦውን ፍየል ጎተተው፣ አምፖሉን የወሰደውን እግዜር ይወቅበት።
ይህ ብቻ አልተነሣም። ዝም ብሎ፣ ፊቱን ለደቡብ ሰጥቶ፣
በረዶውን ችሎ፣ የአሞራ ኩስ ችሎ፣
የደባርቅ መንገድ ገና ጠጠር ሳለ አቧራውን ጠጥቶ።

ኋላ ምሰሶ መጣ፣ ሽቦ መጣ፣ መብራት ኃይል ቆጣሪ ሰቀለ፤
«ይህንን እንግዲህ እናውርደው» ብሎ ሊቀመንበሩ ተቻኮለ።
ሲስተር ማንጠግቦሽ እንቢ አለች። ያን ክረምት፣ ከመስከረም በፊት፣
መስመሩ አሥር ቀን ሲቋረጥ፣ በዚህ ቁራጭ መስታወት፣
አራት ልጅ ተቀበለች
በአንድ አምፖል ሥር።

ዛሬ ከታች ቆማ መሰላሉን ይዛልኛለች፤
መነጽሯን በክር አንጠልጥላ «ስንት አለ?» ትለኛለች።
ጡረታዋ ሐምሌ ነው።

ከጀርባው ጽሑፉ ሃምሳ ዋት ይላል። ፀሐይ እስክትጠራ ጠበቅሁ፤
ቮልቱን በአምፒር አባዛሁ፣ አላመንሁም፣ ደግሜ አባዛሁ፦
አርባ ሦስት።

ሰባቱ የት ገባ? አልተሰረቀ፣ አልተሰበረ፣ አልዛገ፤
በየዓመቱ ቅንጣት ታህል፣ ማንም ሳያይ፣ እያፈገፈገ፣
እንደ ሲስተር ዓይን ነው የሄደው፤ ይህ ቀን ነው የማይባልለት።
ፋሲልስ ግንቡን ሲያሠራ ዋስትና ማን ፈረመለት?
ኖራውን የለሰነው ሰው «ይህን ያህል» ብሎ አልማለለት።
ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ወድቋል፤ ሁለቱንም ከተማችን እንላለን።

የዋስትና ወረቀቱን ዘረጋሁት፤ ጥግ ጥጉን ምስጥ በልቶታል፤
በዚህ ወር አበቃ። ካምፓኒው ግን ከእሱ በፊት ተዘግቷል።
ፒያሳ የነበረው ሱቅ፣ አሁን የጫማ መሸጫ ነው፤
ጋሽ አታላይ ዘጠኝ ዓመቱ፤ አጣጣሚ ሚካኤል ነው ያለው።
ቃሉን የጠበቀ፣ ያልፈረመው ብቻ ነው።

ልወርድ ስል፣ ከፍሬሙ ሥር፣ ጨርቄ አንድ ጭረት ገለጠ፤
በምስማር ጫፍ፣ ተቻኩሎ፣ አንዱ ፊደል እንኳ ያልተስተካከለ፦
«አታላይና ልጁ። ግንቦት ፺፪።»

አባቴ አልነበረም።
ልጅ ብሎም ጠርቶኝ አያውቅ፤ «አንተ ቁልፍ!» ነበር ስሜ።
ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥሁ፣ የምወርደው ሰውዬ፣ መቆሜን ትቼ፣ ደክሜ።

«ስንት ይቆያል፣ ፈንታሁን?» አለች ሲስተር ከታች ደግማ፤
የጭልጋው ዝናብ ደርሶ፣ ጠብ ሲል በቆርቆሮው ሲሰማ።
ምስማር ከኪሴ አወጣሁ፤ ከስሙ ሥር፣ አጠር አድርጌ ጻፍሁ፦
«፵፫። ይሠራል። ግንቦት ፲፯።» ሦስቱ ጠመመብኝ። ወረድሁ።

«እኔ እንጃ» አልኋት።
«እስቲ አብሪው።»